ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቢ

የፅጌረዳ እንጀራ የሰው በር ማንኳኳት ነው። ከሀይሌ ጋርመንት እስከ ፉሪ ባለው ሰፈር እሷ ያላንኳኳችው የቆርቆሮ በር፣ ያልጮኸባት ውሻ የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ቆጣሪ አንባቢ ትመስለዋለች። አንዳንዱ ደግሞ ወንጌል ልትመሰክር የመጣች ይመስለውና ገና አፏን ሳትከፍት «እኛ የራሳችን እምነት አለን» ብሎ ይዘጋባታል። እሷ ግን መረጃ ሰብሳቢ ናት። ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዝናብም ይሁን ፀሐይ «ጤና ይስጥልኝ፤ ለጥናት ነው የመጣሁት» ትላለች።

ወደዚህ ሥራ የገባችው አስባበት አይደለም። ከዱራሜ በልጅነቷ አክስቷ ዘንድ መጥታ አደገች፤ ከዚያ የስፌት ፋብሪካ ገብታ ብዙ ዘመን የሱሪ ወገብ ስትሰፋ ኖረች። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ደግነቱ ማታ ማታ ተምራ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነበር። አብራት የምታመልክ አንዲት እህት «አንቺ ሰው ማናገር ይሆንልሻል» ብላ ለአንድ የጥናት ድርጅት ጠቆመቻት። ጌታ ይመስገን፣ ከዚያ ወዲህ ጥናት ሲኖር በር ታንኳኳለች፤ ጥናት ሳይኖር ቤቷ ተቀምጣ የጎረቤት ልብስ በስፌት ታጠብባለች፣ ታሳጥራለች።

ባሏ በፍቃዱ ብረት በያጅ ነው። ማታ ሲገናኙ ሁልጊዜ ያሾፍባታል።

«ዛሬ ደግሞ ሕዝቡን ምን ብላችሁ አስቸገራችሁት?»

«ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚተኛ።»

«እኛ ቤት ስንት ነን?»

«እኛን ማን ይጠይቀናል?»

«እኔ እኮ አንድ ቀን አንቺው ራስሽ መጥተሽ እንዳትጠይቂኝ ነው የምፈራው» ይላትና ሁለቱም ይስቃሉ።

በዚያ ሰኔ የመጣው ጥናት ግን እንደሌሎቹ አልነበረም። አንድ የእርዳታ ድርጅት በሰፈሩ ለተቸገሩ ቤቶች በየወሩ ዱቄትና ዘይት ሊሰጥ አስቧል። ማን በእውነት እንደተቸገረ የሚለየው በመጠይቅ ነው። መጠይቁ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ደግሞ ራሱ መጠይቁ መፈተን አለበት። ይህን ፈተና እንዲያካሂድ የተቀጠረው ፅጌረዳ የምትሠራበት ድርጅት ነው።

የቡድኑ አስተባባሪ ኤሌኒ ትባላለች፤ በዕድሜ ለፅጌረዳ ታናሽ እህት የምትሆን፣ ረጋ ያለች፣ ስታስረዳ እጇን የምታወራጭ ሴት። በሥልጠናው ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፈች፤ አስተማማኝነትና ትክክለኛነት።

«የመጀመሪያው እንዲህ ነው» አለች። «አንድ ሰው ዛሬ የመለሰልንን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄደን ብንጠይቀው ያንኑ ይመልስልናል? ከመለሰ መጠይቁ አይዋዥቅም ማለት ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። መጠይቁ ረሃብን እለካለሁ ሲል በእርግጥ ረሃብን ነው ወይ የሚለካው? ወይስ ሌላ ነገር?»

ከዚያ የሥራውን ሕግ ነገረቻቸው። ጥያቄው እንደተጻፈ ይነበባል። ቃል አይጨመርም፣ ቃል አይቀነስም፣ መልስ አይጠቆምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እርዳታ ስለሚባል ነገር ትንፍሽ አይባልም፤ ሰው እርዳታ ሲሸተው መልሱን ሊያጣምም ይችላልና። ለፈተናው የተመረጡት ቤቶች የሚሰጡት መልስ እዚያው ለዋናው ሥራ ስለሚያዝ፣ እነዚያ ቤቶች ከሁለቱ ዙር በኋላ ሌላ ጊዜ አይጠየቁም። የሚመልሱት መልስ መጨረሻቸው ነው።

ፅጌረዳ ከደረሷት ቤቶች አንዱ የእማማ ጤናዬ ነበር።

እማማ ጤናዬ ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ውስጥ ለውስጥ ገባ ባለ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንገድ ዳር ጎመንና ድንች ይሸጡ ነበር፤ እግራቸው ማበጥ ሲጀምር ግን ተቀምጦ መሸጡም ቀረ። ቁመተ ረጅም፣ አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ሲስቁ ግን መላ ፊታቸው የሚስቅ ሴት ናቸው።

«ግቢ፣ ግቢ የኔ ልጅ! ዝናቡ ሊያጥብሽ እኮ ነው! ተዪው፣ ጫማሽን አታውልቂ!»

ፅጌረዳ ተቀምጣ እንደ ሥራው ደንብ የመግቢያውን ጽሑፍ አነበበችላቸው። «በዚህ ጥናት በመሳተፍዎ በግልዎ የሚያገኙት ጥቅም የለም» የሚለው ላይ ስትደርስ አቋረጧት።

«ጥቅምማ ይኸው አንቺ መጥተሽ ቤቴን ጠየቅሽልኝ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ጥቅም አለ?»

ፅጌረዳ ፈገግ አለችና ወደ ጥያቄው ገባች።

«ባለፉት አራት ሳምንታት ውስጥ፣ በቤትዎ በቂ ምግብ አይኖርም ብለው የተጨነቁበት ጊዜ ነበር?»

«ጭንቀት? ጌታ እያለልኝ? የለም፣ የለም።»

«በቂ ምግብ ባለመኖሩ መብላት ከሚገባዎ ያነሰ የበሉበት ጊዜ ነበር?»

«እኔ ድሮም ሆዴ ትንሽ ነው፤ ባሌ ነፍሱን ይማርና ‹አንቺን ማብላት ወፍ ማብላት ነው› ይለኝ ነበር።»

«እና... የለም ልበል?»

«በይ።»

«የሚበላ ነገር ባለመኖሩ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይበሉ የዋሉበት ጊዜ ነበር?»

እማማ ጤናዬ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«የጾምኩት ነው እንጂ፣ ሌላ የለም» አሉ።

ፅጌረዳ እሷም ጾም ጸሎት የምታዘወትር ናት፤ ነገሩ አልከነከናትም። ድምፅ አውጥታ «የለም» እያለች ታብሌቷ ላይ ነካች።

ጨርሳ ስትነሳ እማማ ጤናዬ ክንዷን ያዙ። «ወዴት? በባዶ ሆድሽ ከቤቴ ልትወጪ? አንዴ ጠብቂኝ!» ብለው እያነከሱ በጓሮ በር ወጡ። ትንሽ ቆይተው አንድ ወፍራም ቁራሽ ዳቦና ሻይ ይዘው ተመለሱ። መረጃ ሰብሳቢ ከተጠያቂ ቤት ምንም እንዳይቀበል በሥልጠና ይነገራል። ግን እንዲህ ተይዞ ሲለመን እምቢ ማለት ማዋረድ እንደሆነ ያስተማሩትም ያውቁታል። ፅጌረዳ በላች፣ ጠጣች፣ መርቃ ወጣች።

የግቢው በር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ልብስ ታሰጣለች። መርዋ ትባላለች፤ የስልጤ ሰው ናት፣ ባሏ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው።

«ዳቦዬ ጣፈጠሽ?» አለቻት እየሳቀች።

«የቱ ዳቦ?»

«አሁን የበላሽዋ! ‹እንግዳ መጥቶብኛል መርዋዬ፣ አታዋርጂኝ› ብለው በጓሮ መጡብኝ። ለልጆቼ መክሰስ ያስቀመጥኩትን አንስቼ ሰጠኋቸው። ችግር የለም፣ ሌላ እገዛለሁ።»

«እሳቸውስ በልተዋል?» አለች ፅጌረዳ።

«ዛሬ? ወላሂ አይመስለኝም። ትናንትም እንጃ።»

«ጾም ነው አሉኝ እኮ።»

መርዋ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «እሳቸው መቼ ጾም አጥተው! ሲኖር ይበላሉ፤ ሳይኖር ይጾማሉ። እኔ ያለኝን ላካፍል ስል ‹ጾሜን አታስፈቺኝ› ይሉኛል። በልጆቼ ስም ካላስመሰልኩ አይቀበሉኝም። አንቺ ግን ለምንድን ነው እንዲህ የምትጠይቂያቸው?»

«ለጥናት ነው» አለች ፅጌረዳ። የተፈቀደላት መልስ ይህ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ታክሲ ስትጠብቅ የበላችው ዳቦ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። የሰው ረሃብ ልትመዘግብ ገብታ የተራበ ሰው ለምኖ ያመጣላትን በልታ ወጣች። ማታ ለበፍቃዱ ስትነግረው እንደ ወትሮው አልቀለደም። «በይ ሁለተኛ ስትሄጂ አስተካክዪው» አላት።

«ማስተካከል አይቻልም እኮ። ጥያቄውን እንደተጻፈ ማንበብ ብቻ ነው።»

«እሳቸው ቢያስተካክሉስ?»

ፅጌረዳም ተስፋዋን የጣለችው እዚያ ላይ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ቃላቸውን ቢለውጡ፣ አንዴ «አዎ» ቢሉ ይበቃ ነበር። ሁለቱን ሳምንት ስትጸልይ የእማማ ጤናዬን ስም እየጠራች ጸለየች።

ቀኑ ደርሶ ስትመለስ እማማ ጤናዬ እንደ ቤተ ዘመድ ተቀበሏት። ጥያቄው ሲጀመር ግን ግራ ገባቸው።

«ያንኑ ነው እንዴ የምትጠይቂኝ?»

«አዎ እማማ፤ ያንኑ ነው።»

እማማ ጤናዬ ፊቷን አተኩረው አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠፍቶብሽ ነው አይደል? ያ የጻፍሽበት ነገር?»

«ኧረ አልጠፋም! ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ጊዜ...»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ። ለማንም አልናገርም። አለቆችሽ እንዳይቆጡሽ እኔ አንድም አልረሳሁ፤ ደህና አድርጌ እነግርሻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ‹የለም› ነው ያልኩሽ። ሁለተኛውም ‹የለም›። ከዚያ ስለ ጾም ያልኩሽ አለ፤ እሱንም ‹የለም› ብለሽ ነበር የጻፍሽው። በይ ጻፊ።»

ፅጌረዳ ልታስረዳ ሞከረች። ባስረዳች ቁጥር እሳቸው ይበልጥ አዘኑላት። የዚህች ምስኪን ሥራ እንዳይበላሽ ብለው እያንዳንዱን መልስ፣ በዚያ ቀን እንደተናገሩት፣ ሳያዛንፉ ደገሙላት። ባላቸው ስለ ወፍ የተናገሩትን እንኳ አልዘለሉም።

በመጨረሻ ፅጌረዳ ታብሌቷን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ሕጉን እየጣሰች እንደሆነ ታውቃለች።

«እማማ፣ አሁን ሥራ ላይ አይደለሁም። እንደ ልጅዎ ልጠይቅዎ። ያ ጾም የሚሉት... የሚበላ ስለሌለ ነው፣ አይደለም እንዴ?»

እማማ ጤናዬ አልተቆጡም። አፈሩም አይባልም። ለሕፃን ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ሆኑ።

«ስሚ የኔ ልጅ። ጠዋት እነሳለሁ። አያለሁ፤ የለም። እንግዲህ ሁለት ነገር ማድረግ እችላለሁ። ተርቤ መዋል እችላለሁ። ወይ ደግሞ ‹ጌታ ሆይ፣ ይህችን ቀን ላንተ ሰጠሁህ› ብዬ እጾማለሁ። ተርቤ ከዋልኩ እስኪመሽ ሳጉረመርም ነው የምውለው። ከጾምኩ ግን እዘምራለሁ፣ ለታመመ እጸልያለሁ፣ ቀኑ ያልቃል። ለጌታ የሰጠሁትን ቀን አሁን ደግሞ ‹ቸገረኝ፣ ተራብኩ› ብዬ ላስጽፍ? ሰጥቼ ልቀማው?»

ፅጌረዳም በዚያው እምነት ውስጥ ያለች ሴት ናት። አሮጊቷ የተናገሩት እውነት እንደሆነ ልቧ ያውቃል፤ ሆዳቸው ባዶ መሆኑም እውነት ነው። መጠይቁ ደግሞ ለሁለቱ እውነቶች ያስቀመጠው ሳጥን አንድ ብቻ ነበር።

በሁለተኛውም ዙር «የለም» ተመዘገበ። ዳቦ እንዳይመጣ ቀድማ «ዛሬ እኔም ጾም ነኝ» አለችና ወጣች። እውነቷን ነበር፤ ጠዋት አስባበት ሳትበላ ነው የመጣችው።

በሳምንቱ ቢሮ ስትገባ ኤሌኒ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች።

«ፅጌ ነይ እስኪ፣ እዪው። ያንቺ ቤቶች መልሳቸው አንደኛ ነው! የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዙር ገጥሟል ማለት ነው፤ ከሞላ ጎደል አንድ ነው።»

«የእማማ ጤናዬም ነው የገጠመው?»

«እሳቸውማ አንድም አላዛነፉ።»

ፅጌረዳ ተቀምጣ ሁሉን ነገረቻት። ስለ ዳቦው፣ ስለ ጾሙ፣ እሳቸው የእሷ ሥራ እንዳይበላሽ ብለው መልሱን በቃላቸው ይዘው እንደጠበቋት። ኤሌኒ ሰምታ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

«ይህን ነበር የምፈራው» አለች። «እዚህ ሰፈር ብቻ አይደለም። ‹እንዴት ነህ?› ሲባል ‹ተመስገን› የሚል ሕዝብ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ሰው ቤት ገብተሽ ‹ቸግሮሃል?› ስትዪው ተመስገን ነው የሚልሽ። ሁለቴ ብትጠይቂው ሁለቴ ተመስገን ይልሻል። ቁጥሩ ያምራል፤ ግን የለካነው ረሃቡን ሳይሆን ምስጋናውን ነው።»

ፅጌረዳ የስፌት ቤት ዘመኗ ትዝ አላት። ጫፉ ተቆርጦ የጠፋ ሜትር ነበራቸው። መቶ ጊዜ ብትለኪበት መቶ ጊዜ ያንኑ ይነግርሻል፤ ሱሪው ሁሉ ግን ያጥራል።

«ታዲያ ጥያቄውን መለወጥ አይቻልም?» አለች።

«ጥያቄው በሌላ አገርም በሌላ ከተማም የሚጠየቅ ነው። ‹ውጤቱን ማወዳደር አለብን፣ ቃሉ አይነካም› ይላሉ። ቢሆንም ዝም አልልም።»

ኤሌኒም ቃሏን ጠበቀች። እርዳታውን ከሚሰጡት ሰዎች ጋር ስብሰባ ገብታ ተከራከረች፤ ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ግን ባዶ እጇን አልወጣችም። ጥያቄው ሳይነካ፣ በጥቂት ቤቶች በዓይን የሚታይ ማመሳከሪያ እንዲደረግ ፈቅደዋል። የቤቱ ዱቄት፣ እህል፣ ዘይት ምን ያህል እንደሆነ ታይቶ ከመልሱ ጋር ይመዘናል። ዓይን ያየው ከአፍ መልስ ጋር ካልገጠመ መጠይቁ ይሻሻላል፤ እነዚያ ቤቶችም በዓይን በታየው ይያዛሉ።

«የእማማ ጤናዬን ቤት ከመጀመሪያዎቹ አስገብቼዋለሁ» አለቻት።

ፅጌረዳ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ባዶ የዱቄት ባልዲ አይዋሽም። መጾም አያውቅም፣ ማመስገን አያውቅም። ክዳኑ ተከፍቶ መታየት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን መደረግ ነበረበት። የሰው ማጀት ሳያስፈቅዱ አይገባም፤ የጥናት ሕጉም የአገሩም ወግ ይህንኑ ይላል። ፅጌረዳ ሄዳ «ሐሙስ ዕለት ከቢሮ መጥተን የእህልና የዱቄት ማስቀመጫዎን ብናይ ይፈቅዱልናል?» ብላ ጠየቀች። እማማ ጤናዬ ፊታቸው ትንሽ ወየበ። ዓይናቸው ጥግ ላይ ወዳለው ሰማያዊ ባልዲ ሄዶ ተመለሰ። እንግዳ ግን አይመለስም።

«ኑ እንጂ፤ ቤቴ ቤታችሁ ነው» አሉ።

ሐሙስ ፅጌረዳ ክርስቲያን ከሚባል የቢሮው ወጣት ጋር ሄደች። ፎቶ ማንሳቱና መመዝገቡ የእሱ ሥራ ነው፤ እሷ የምታውቃቸው ስለሆነች አትመዘግብም። እማማ ጤናዬ ጠዋት ጸሎት ቤት ውለው እነሱ ሲደርሱ ገና መግባታቸው ነበር። ነጠላቸውን እንኳ አላወረዱም። መርዋ ከበስተኋላ በጓሮው በር ቆማ አንገቷን አስግጋለች።

ክርስቲያን በትህትና «ይፍቀዱልኝ እማማ» ብሎ የሰማያዊውን ባልዲ ክዳን አነሳ።

ባልዲው እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ነጭ፣ ገና የተፈጨ ዱቄት፤ ሽታው ክፍሏን ሞላው። አጠገቡ ያለው የዘይት ጀሪካንም ከግማሽ በላይ ነው።

እማማ ጤናዬ መጀመሪያ የቆሙበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተጠግተው እጃቸውን ዱቄቱ ውስጥ እስከ አንጓቸው አስገቡ። አወጡት። አዩት።

«ጌታ ሆይ!» አሉ። «ጌታ ሆይ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው!» ያበጠ እግራቸውን ረስተው ተንበረከኩ፤ እንባቸው በነጭ እጃቸው ላይ ወረደ፣ መዘመርም ጀመሩ።

ፅጌረዳ ወደ ጓሮው በር ዞረች። መርዋ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ በደስታ ታበራለች። የጥቁር ልብሷ እጅጌ እስከ ክርኗ ድረስ ዱቄት ነክቶት ነበር።

ክርስቲያን ፎቶ አነሳ፤ «ሙሉ» ብሎ መዘገበ። ምን ያድርግ? ያየው ይህንን ነው።

ፅጌረዳ አፏን ልትከፍት ፈለገች። ምን ልትል? «ይህ የጎረቤት ዱቄት ነው» ብትል እማማ ጤናዬ ተንበርክከው ይሰማሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በባዶ ባልዲ ፊት ያመሰገኑ ሴት፣ ዛሬ በሙሉው ፊት ያመሰግናሉ። ደግሞስ እግዚአብሔር አላደረገውም ማን ሊል ይችላል? በመርዋ እጅ ቢሆንም እጇን ያንቀሳቀሰው ማን ነው? ፅጌረዳ ይህን አስባ ወደ በሩ አመራች።

ወደ ውጭ ሲወጡ መርዋ ጆሮዋ ሥር መጣች። «አየሽልኝ? ‹ሰዎች መጥተው ባልዲዬን ሊያዩት ነው መርዋ› ብለው ሌሊቱን አልተኙም። እኔ እያለሁማ እማማን ማንም ባዶ ቤት አያገኛቸውም! ባሌ ትናንት ያስፈጨውን እንዳለ ገለበጥኩት። ጸሎት ቤት ሲሄዱ ጠብቄ!»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለች ፅጌረዳ።

ቢሮ ገብታ ለኤሌኒ ያየችውንና የሰማችውን ተናገረች፤ ማስታወሻም ጻፈች። ኤሌኒ ማስታወሻውን ይዛ እንደገና ስብሰባ ገባች። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ አዳመጧት። ግን በዓይን የታየው ከአፍ መልሱ ጋር ገጥሟል፣ የሁለቱ ዙር መልስም ገጥሟል። አንዲት መረጃ ሰብሳቢ በአንዲት ጎረቤት ልብስ ላይ ዱቄት አየሁ፣ ከአፏም ሰማሁ ስላለች ሁሉን እንደገና መጀመር አይቻልም አሉ። ሌሎቹ የታዩት ቤቶችም ብዙዎቹ ገጥመዋል። እዚያስ የማን ዱቄት ነበር? ፅጌረዳ ይህን ጥያቄ ለራሷ እንኳ ጮክ ብላ መጠየቅ ፈራች። መጠይቁ «አስተማማኝም ትክክለኛም» ተብሎ ጸደቀ።

ኤሌኒ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «አልቻልኩም ፅጌዬ» አለች።

«አውቃለሁ እህቴ፤ ሞክረሻል» አለቻት። ሻይ አስመጥተው ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

እርዳታው ክረምቱ ሳይወጣ መጣ። የተመረጡት ሰዎች ስም በወረዳው ግቢ ተለጠፈ፤ በየመንደሩ ዱቄትና ዘይት በጋሪ ሲገባ ሰው «ለካ ያ ሁሉ ጥያቄ ለዚህ ነበር!» ተባባለ። ደስ የሚልም ነበር። ብዙ የተቸገሩ ቤቶች አግኝተዋል፤ ፅጌረዳ ለእነሱ ከልቧ አመሰገነች። የእማማ ጤናዬ ስም ግን የለበትም።

ቅዳሜ ዕለት ፍራፍሬ ገዝታ ልትጠይቃቸው ሄደች። እንደ ልማዳቸው ሳቁላት። ጎረቤት ላገኘው ሁሉ «እሰይ» ይላሉ፤ እከሊት አገኘች፣ እከሊትም አገኘች እያሉ ቆጠሩላት። ስለ ራሳቸው አንድም አላነሱም። ነሐሴ ነውና እግራቸው ከሰኔው ይልቅ አብጧል፤ ጉንጫቸውም ገብቷል። ባልዲው ጥግ ላይ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ፅጌረዳ ወደዚያ ላለማየት ጭንቅላቷን አዞረች።

ስትወጣ መርዋ ግቢው በር ላይ አገኘቻት። ፊቷ የተናደደ ነበር።

«ነይ እስኪ አንቺ የጥናት ሴት! ንገሪኝ። እነዚያ ከእማማ የሚሻሉት ሁሉ ሲወስዱ የእማማ ስም ለምን አልወጣም? አንቺ አይደለሽም እንዴ የጠየቅሻቸው? ምን አጠፉ?»

«ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ለምን?»

ፅጌረዳ መርዋን አየቻት። ባሏ ያስፈጨውን ዱቄት ያን ዕለት እንዴት ቆማ በእንባ እንዳየችው አስታወሰች። እውነቱን ብትነግራት ይህች ሴት ዛሬ ማታ አትተኛም፤ ነገም ከእማማ ጤናዬ ጋር ዓይን ለዓይን አትተያይም። ደግሞም የማይስተካከልን ነገር መናገር ምን ይረባል?

«አላውቅም» አለች ፅጌረዳ። «እኔ የምልከውን እልካለሁ እንጂ፣ እነሱ እንዴት እንደሚመርጡ አላውቅም።»

የመርዋ ንዴት ወደ ሐዘን ወረደ። «አላህ ያውቃል እንግዲህ» አለች። ከዚያ ፊቷ ትንሽ ፈካ አለና የፅጌረዳን እጅ ያዘች።

«ሌላ ጊዜ ሲመጡ ግን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ እሺ? ባለፈው ቀን አጠረኝ። አሁን ግን ቤታቸውን አስለስነን፣ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ባልዲውን ብቻ ሳይሆን ማድጋውንም ሞልተን ነው የምንጠብቃቸው። ያኔ አይንቋቸውም።»

«እሺ» አለች ፅጌረዳ።